ከዘጠኝ ሺህ ወንበር አርባ አንድ

ጃንዋሪ 8፣ ሰኞ

ዛሬ ከምሳ በፊት ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ወንበር ወለድኩ። ምጥ የለው፣ ጣር የለው። አሥር ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የምትወልጂው?» ስትለኝ የኖረችው እናቴ ይህን ብነግራት ደስ የሚላት አይመስለኝም።

ጋዜጠኛ መጥቶ የሚጠይቀኝ ይመስል ሥራዬን ለራሴ ላስረዳ። ለኮምፒውተሩ የወንበሩን እግር ውፍረት፣ የመደገፊያውን ጉብጠት፣ የመቀመጫውን ስፋት ከዚህ እስከዚህ ብለን እንሰጠዋለን፤ እሱ ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት የማይሰበረውን ወንበር ሁሉ ይፈጥራል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዲዛይነሮቹ በዚያ ሁሉ መካከል ሳይጠፉ እንዲዘዋወሩ የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር ሰብስቤ ስክሪን ላይ እደረድራለሁ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ይመረጥና በእንጨት ተሠርቶ ኤፕሪል አጋማሽ ሚላን ለትርኢት ይቀርባል። ሲኞር ጋስፓሪ የሚባሉ ሰው ለስልሳ ምግብ ቤቶቻቸው ወንበር ይፈልጋሉ። እሳቸውን ካጣን ፋብሪካው እስከ ኦገስት አይዘልቅም ይባላል።

ማስትሮ ዶሪኖ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ጥሩ ነው፣ ኒቬስ። የቱ ላይ ነው የምቀመጠው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

እዚህ ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። «የሟቹ የብሩኖ ልጅ ናት፣ ጭንቅላት አላት» ብለው ለፋብሪካው ባለቤት ለሲኞራ ሎሬዳና የነገሩልኝ። አርባ ስምንት ዓመት ወንበር ሠርተዋል። እኔ አንድም አልሠራሁም፤ ዘጠኝ ሺህ ግን አለኝ።

ጃንዋሪ 11

ጉድ ነው። ያን ሁሉ ሰጥቻቸው ሁሉም ከመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ይመርጣሉ። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሃያ አራት ነዋ! ታናሿ ዲዛይነራችን ጃዳ አሥር ደቂቃ ሳይሞላት «አገኘሁት!» ብላ ብድግ አለች። ቁጥር ሰባት። ቁጥር ሰባት ሰባተኛ የሆነው እኔ እንደዚያ ስለ ደረደርኩት ነው፤ ሌላ ቀን ሌላ ስሜት ላይ ሆኜ ቢሆን አራት ሺህኛ ይሆን ነበር። ለጃዳ አልነገርኳትም። ደስታዋን ለምን ላጥፋባት!

ጃንዋሪ 17

መላ አገኘሁ። በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ቁጥር አስገባሁ፤ እያንዳንዱ ሰው እስካሁን ስንት ወንበር እንዳየ ታሳያለች። ለመኮርኮር ያህል ነው። ሰው ከዘጠኝ ሺህ ውስጥ ሃያ አራት ብቻ ማየቱን ሲያይ ትንሽ ያፍራል ብዬ። ራሴን አደነቅሁ። በምሳ ሰዓት ሁለተኛ ፍሪኮ አዘዝኩ፤ ድንችና አይብ ለአዋቂ ሰው ይገባዋል።

ጃንዋሪ 22

ቁጥሯ ውድድር ሆነች። ጃዳ ሳንድዊቿን በአንድ እጅ ይዛ በሌላው የመዳፊቱን ጎማ እያሽከረከረች ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ደርሳለች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ቁጥሯ ግን ይህን አታውቅም፤ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ።

ማስትሮ ዶሪኖ ዘጠኝ። አንዷ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆዩ። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ።

«ማስትሮ፣ ቆሞብዎት ነው?»

«እሱ ደህና ነው። የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ምን እያዩ ነው?»

«እያየሁ አይደለም። እየተቀመጥኩ ነው።» ትንሽ ቆዩና፣ «እስቲ ጀርባዋን አሳዪኝ» አሉ።

ምስሎቹ ሁሉ የተነሡት ከፊት ለፊት፣ ትንሽ ከጎን ነው፤ ጀርባ የለም። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጀርባ ለማውጣት ማሽኑ ሦስት ቀን ተኩል ይፈልጋል። በትዕግሥት አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ማስረዳት እወዳለሁ፤ ፊቴ ምን እንደሚመስል መስታወት ላይ አይቼ አላውቅም እንጂ።

«ካልዞረ አይዞርም» አሉ። የቆላ ሰው ስለ ዝናብ እንደሚናገረው።

ጃንዋሪ 26፣ ዓርብ

ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ሲኞራ ሎሬዳና ዛሬ በጠረጴዛዬ አጠገብ ሁለት ጊዜ አለፉ። ስለ ሥራዬ ቃል የለም። እዚህ ቤት ወንበር በራሱ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ምናልባት እኔ ጠረጴዛው አጠገብ እንዳለሁም አያውቁም። ኮቴን ሰቅዬበት የምሄድ ይመስላቸው ይሆናል።

ጃንዋሪ 30

ሲኞራ ሥራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰንጠረዥ ላክሁላቸው። ማን ስንት እንዳየ፣ በስም። ብዙ ያየው በአረንጓዴ፣ ጥቂት ያየው በቀይ። ቀለሙ ለዓይን እንዲያምር ነው።

ጃዳ 5,240። ማስትሮ ዶሪኖ 23።

ሲኞራ በአንድ ደቂቃ መለሱልኝ፦ «በጣም ጠቃሚ! በየሳምንቱ ላኪልኝ።» ቀኑን ሙሉ ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ፌብሩዋሪ 6

ማስትሮ ዶሪኖን ወደ ቢሮ ጠሯቸው። በሩ ክፍት ነበር፤ አላዳመጥኩም፤ የሰማሁት ይህን ነው፦ «ድካም አለብዎ ይሆን፣ ዶሪኖ? ማንም አይፈርድብዎትም። ስክሪን ለሁሉም አይሆንም።» እሳቸው ምን እንደ መለሱ አልተሰማኝም። ሲወጡ «ቡና የሚጠጣ አለ?» ብቻ ነው ያሉት።

ሲኞራ የደወሉልኝ ያን ሰሞን ነው እንጂ እኔ ሰንጠረዥ የመላክ ሐሳብም አልነበረኝ።

ፌብሩዋሪ 9

እናቴ የምትሰማውን የት እንደምትሰማው አላውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ዶሪኖን ልታስወጡት ነው አሉ።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ እማማ? ኮምፒውተር ነው የማዘው።»

«አባትሽ እጁን የመጋዝ ጥርስ የበላው ጊዜ ስድስት ወር የእሱንም ሥራ ደርቦ የሠራ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ። ፖሌንታው ይቀዘቅዛል፣ ብይ።»

ፌብሩዋሪ 14

የኤልቪዮ ቡና ቤት። ጀርባዬን ሰጥቼ ሒሳብ ስከፍል ሁለት አናጢዎች፦

«አሁን የሚቆጠረው ወንበሩ ሳይሆን ሰውዬው ሆነ።»

«ዶሪኖ አርባ አንድ ነው አሉ።»

«አርባ አንድ ምን?»

«እኔ አላውቅም። ቀይ ነው።»

ዞር አልኩ። ፈገግ ብዬ፣ «ሲኞራ ደረጃው ላይ ይዘውኝ ነው እኮ፣ ግድ ሆነብኝ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ከተጠየቅሁት ይልቅ ሳልጠየቅ የምመልሰው ይበዛል።

ፌብሩዋሪ 16፣ ዓርብ

ተመረጠች! ቁጥር 6,114። የጃዳ ምርጫ ናት። ስክሪኑ ላይ በትልቁ ስትታይ ሁሉም አጨበጨበ። ቀጭን፣ ቀለል ያለች፣ ልትነሣ የምትል ትመስላለች። ማስትሮ ዶሪኖ አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነበር።

ከስብሰባው በፊት ኮሪደር ላይ ያዙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ኒቬስ፣ ምግብ ቤት ስትገቢ ወንበሩ ከጠረጴዛ ስር የገባ ነው። ፊቱን ጠረጴዛው ደብቆታል። ከበር የሚገባው ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው። ይህን ንገሪያቸው፤ እኔ ብል ቅናት ይመስላል።»

እሺ አልኩ። ከዚያ ስብሰባው ሞቀ፣ ጃዳ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሲኞራ እጄን ጨበጡኝ። መናገሪያው ቦታ አልተገኘም። አራት ቦታ ነበር፤ ቆጥሬአለሁ።

ፌብሩዋሪ 23

ሽኝት። ማስትሮ ዶሪኖ ጡረታቸውን አንድ ዓመት ቀደም አድርገው እንዲወስዱ «ተስማሙ»። ፈርመዋል። ወይን፣ ጉባና የሚባለው ኬክ፣ ሁሉም በሥራ ልብሱ። ሲኞራ ንግግር አደረጉ፤ የዘመን መለወጥ፣ ምስጋና፣ የማይረሳ አገልግሎት። በመጨረሻ ሳቅ ለመፍጠር ይመስለኛል፣ «ከዘጠኝ ሺህ ወንበር አርባ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ዕረፍት ይገባዋል!» አሉ።

ጥቂት ሰው ሳቀ። እኔ የጉባና ቁራሽ አፌ ውስጥ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማስትሮ ዶሪኖ ብርጭቆአቸውን አነሡ። «አርባ አንድ? እኔ እኮ አርባ የሚሆን መስሎኝ ነበር። አንዷን ሁለቴ ሳላያት አልቀረሁም።» ሁሉም በእፎይታ ሳቀ። ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «አይዞሽ» አሉኝ። እኔን!

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ማርች 4፣ እሑድ

ናሙናው እየተሠራ ነው። አናጢዎቹ ምንም አይሉም። ከሁሉም ጋር በትሕትና ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ በረዶ ቤት ውስጥ የምንኖር ይመስል።

ለራሴ፦ ቁጥሩ ቁጥር ነው። አርባ አንድ እውነት ነው። እኔ አልፈጠርኩትም። እኔ ዘጠኝ ሺሁን ነው የፈጠርኩት።

ማርች 15፣ ሐሙስ

ሲኞር ጋስፓሪ መጡ።

ማሳያ ክፍሉን እንደ ምግብ ቤት አሰናድተነው ነበር፤ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ስድስት ወንበር ከጠረጴዛው ስር በሥርዓት የገባ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ሰውየው በር ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«እነዚህ ለምን ጀርባቸውን ሰጡኝ?»

ያኔ እኔም ጀርባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ፊቷ የቀጠነው እንጨቱ ሁሉ ወደ ኋላ ስለ ሄደ ነው። ኮምፒውተሩ እንዳትሰበር የሚያስፈልጋትን ሁሉ ማንም የማያይበት ቦታ አከማችቶታል፤ ያን ቦታ «የማይታይ» ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ከፊት ብቻ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ትመስላለች።

ሲኞር ጋስፓሪ በጨዋነት ምሳ በሉ፣ በጨዋነትም ሄዱ። «ለሚላን ሌላ ካላችሁ አያለሁ» አሉ። አምስት ሳምንት እንኳ አልቀረም። ጃዳ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከአናጢዎቹ አንዱ ሲያልፍ፣ «ከሠራናት ቀን ጀምሮ እናውቅ ነበር» አለኝ።

«ለምን አልተናገራችሁም?»

«ማን መቆጠር ይፈልጋል?» አለና ሄደ።

ማርች 19

ጥፋተኛ ፍለጋ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፈትኩ። ጥፋተኛው ሌላ ሰው እንዲሆን ተስፋ ነበረኝ።

ከእያንዳንዱ ወንበር ምስል ስር የማስታወሻ መጻፊያ ቦታ አለ። ራሴ ነኝ ያስገባሁት፤ ማንም አልተጠቀመበትም ብዬ ረስቼው ነበር። በሰንጠረዤ ላይ ዓምድ አልሰጠሁትም፣ ምክንያቱም ጽሑፍ በቀይና በአረንጓዴ አይቀባም።

አርባ አንድ ማስታወሻ ተጽፏል። ሁሉም የአንድ ሰው ነው።

ቁጥር 212፦ «አስተናጋጁ በአንድ እጁ ሳህን ይዟል። በሌላው እጁ ይቺን ከየት ይዞ ይሳባት? መደገፊያዋ መያዣ የለውም።»

ቁጥር 1,870፦ «ጠረጴዛ ስር ስትገባ ክንዷ ይጋጫል። በዓመቱ ይላጣል።»

ቁጥር 3,044፦ «ወፍራም ሰው ሲነሣ አብራው ትነሣለች።»

ቁጥር 5,509፦ «ጀርባዋን አላውቅም። ልጅቷን እንዳልጠይቃት ሥራ በዝቶባታል።»

ቁጥር 6,114፦ «ፊቷ ቆንጆ ነው። ጀርባዋን ፈራሁት።»

አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሰውየው ወንበር እየቆጠሩ አልነበረም፤ ለምን እንደማይሆን እየጻፉ ነበር። አንዷን ባነሡ ቁጥር እሷን የመሰሉ ሁለትና ሦስት መቶ ወንበሮች አብረው ይወድቃሉ። እኔ «አማራጭን ማሰስ» እያልኩ ከሁለት ወር በላይ ስሰብክ፣ ከመካከላችን ያሰሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ማርች 20

ማስታወሻዎቹን ወደ መለኪያ ቀየርኩ። የክንድ ቁመት ከጠረጴዛ በታች፤ 9,216 ወደ 4,030 ወረደ። ለእጅ የሚሆን መያዣ፤ 611። የኋላ እግሩ ስፋት፣ የመቀመጫው ክብደት፣ ወፍራሙ ሰውዬ...

አሥራ ሰባት ቀሩ።

የአሥራ ሰባቱን ጀርባ አወጣሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ለአንዷ ግማሽ ደቂቃ ማለት ነው። ያን ቀን የጠየቁኝ የአንዷን ጀርባ ነበር። የሁሉንም ማን አላቸው? ሦስት ቀን ተኩል ብዬ ያስረዳሁት ያለ ጥያቄ ነው።

ከአሥራ ሰባቱ የትኛዋ እንደምትሻል አላውቅም። ጃዳም አታውቅም፤ «ማስትሮን እንጥራቸው» አለች ወዲያው። ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል፣ ልቧ ግን አያንስም።

ማርች 22

ማስትሮ ዶሪኖ ጋ ሄድኩ። ከቤታቸው ጀርባ የወይን ሐረጋቸውን በአኻያ ቀንበጥ እያሰሩ ነበር። ምስሎቹን በፖስታ ይዣለሁ። ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ፣ ስለ ሰንጠረዡ።

«ተዪው እባክሽ» አሉኝ፣ ሥራቸውን ሳያቆሙ። «ታዘሽ ነው። አዛዥ ሲያዝ ምን ታደርጊያለሽ? ኤልቪዮ ጋ ሰዎቹ ስምሽን ሲያነሡ ዝም አላልኩም። ‹ልጅቷን ተዉአት፣ አስገድደዋት ነው፣ የብሩኖ ልጅ እንዲህ አታደርግም› አልኳቸው። ከሁለቱ ጋር እስካሁን አንነጋገርም።»

እሺ ብዬ ፖስታውን ብሰጣቸው ያበቃ ነበር። እጄም ተዘርግቶ ነበር።

«አልታዘዝኩም» አልኩ።

ቀንበጡን ይዘው ዞሩ።

«ማንም አልጠየቀኝም። ሲኞራ በስልክ አልደወሉም፤ ደረጃ ላይም አልያዙኝም። ያን ቀን በር ላይ ተገናኝተን ‹እንዴት ነሽ?› ነው ያሉኝ። ጤንነቴን ነበር የጠየቁት። ቢሮዬ ገብቼ ሰንጠረዡን ሠራሁና ላክሁ። ሥራዬን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው። ስምዎን ቀይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።»

አንድ ሙሉ ረድፍ አስረው ጨረሱ። እኔም ቆምኩ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

በኋላ፣ «ወንበሮቹን አያለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ቅዳሜ ኤልቪዮ ጋ ሄደሽ ይህንኑ ንገሪያቸው። እኔ ሌላ ነግሬአቸዋለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ውሸታም አልባልም።»

ማርች 24፣ ቅዳሜ

ከረፋዱ አምስት ሰዓት፤ ሁሉም ያሉበት ሰዓት። ማስትሮ ዶሪኖ ባንኮኒው ጥግ። ሁለቱ አናጢዎች በሌላው ጥግ። ጃዳም መጣች፣ ማን እንደ ነገራት አላውቅም።

መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ፣ ዋና ሐሳብ፣ አንድ ሁለት በራስ ማሾፍ፣ ሰው እንዲስቅልኝ። በዚህ ዓይነት ነገር ጎበዝ ነኝ፤ ይህ ደብተር ምስክሬ ነው። ስደርስ ግን የወጣኝ ይህ ብቻ ነው፦ «የማስትሮ ዶሪኖን ሰንጠረዥ የላክሁት በራሴ ነው። ማንም አላዘዘኝም። እሳቸው የነገሯችሁ እኔ የዋሸሁትን ነው።»

የሳቀ የለም። ኤልቪዮ ብርጭቆ ማድረቁን ትቶ፣ «ነጭ ወይን ነው ቀይ?» አለኝ።

«ነጭ። ለማስትሮም።»

እዚህ አገር አንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ከጋበዘህ መልሰህ ትጋብዛለህ። ተጣልተህም ቢሆን፣ ቸኩለህም ቢሆን። አባቴ ለሐኪም ቤት መኪና እየጠበቀ መልሶ የጋበዘ ሰው ነው። ማስትሮ ዶሪኖ ያዘዝኩላቸውን ወይን እስከ መጨረሻው ጠጡ። አፋቸውን ጠረጉ። ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ ኤልቪዮ ጠርሙሱን ይዞ ጠበቀ፣ ሁላችንም ጠበቅን። መልሰው አልጋበዙም።

«ወንበሮቹ የታሉ?» አሉ። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ኮታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ሁለቱ አናጢዎች ሄደው እጃቸውን ዘረጉላቸው።

ማርች 28

ሲኞራ ሁሉንም ከጃዳ ሰምተዋል። ጡረታው ተፈርሟል፣ አይመለስም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔን አላባረሩኝም። «አንቺ ትጠቅሚናለሽ» አሉኝ። እንደዚህ የሚያሳፍር ሙገሳ ተቀብዬ አላውቅም።

ቁጥሯን ከስክሪኑ ጥግ አጠፋኋት። የወንበሮቹ ምስል አሁን ይዞራል። ማስታወሻ መጻፊያውን ትልቅ አደረግሁት፤ ዛሬ ጃዳ ከአንድ ወንበር ፊት ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ስትጽፍበት አየኋት።

የተመረጠችው ቁጥር 2,207 ናት። አናጢዎቹ ከሰዓት በኋላ እንጨት መቁረጥ ጀምረዋል። ማስትሮ ዶሪኖ ትናንት ማታ ጃዳ ጋ ደውለው አንድ ሰዓት ያህል አስረድተዋታል፤ ለምን እሷ፣ ለምን ሌሎቹ አሥራ ስድስቱ እንዳልሆኑ፣ የመደገፊያዋ ጫፍ በስንት ሚሊሜትር መሳሳት እንዳለበት። ጃዳ ሁሉንም ጽፋዋለች። እየሳቀች አነበበችልኝ፤ መሐል ላይ የሲኞር ጋስፓሪን አስተናጋጆች የሚመለከት ቀልድ ነበረበት፣ እኔም ሳቅሁ።

«ስለ እኔ ምንም አላሉም?» ብዬ ጠየቅኋት።

ገጹን ገለጥ አድርጋ ፈለገች፤ ልቧ ደግ ነው። ከዚያ የለም ስትል አንገቷን ነቀነቀች።